ዋስ የዋሱ ዋስ ሲሆን፦ ክላስ ዳያግራምን በፕሮሎግ ስለመፈተሽ

ጥያቄ፦ «የሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ለአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ሲስተም እየሠራን ነው። 12 ክላስ ያለው ዳያግራም (የሲስተሙን ክፍሎችና ግንኙነታቸውን የሚያሳይ ሥዕል) ስለናል። አንድ መምህራችን ‹ይህን ሁሉ ከምትስሉ በፕሮሎግ ጻፉት› አለን፤ እውነት የሆነውንና ደንቡን ጽፈን የምንጠይቀው የሎጂክ ቋንቋ ነው። እኔም ክላሱን ፕሬዲኬት (ስለ ነገሮች የሚነገር አባባል)፣ ኦብጀክቱን (የክላሱን አንድ ናሙና) ፋክት (እውነት ተብሎ የተመዘገበ መግለጫ)፣ ውርሱን ሩል (‹ይህ ከሆነ ያ ነው› የሚል ደንብ) አድርጌ ጻፍኩት። ከዚያ ሦስት ነገር ገጠመኝ። የአስቸኳይ ብድርን ወለድ ስጠይቀው 9 ይላል፤ ሌላ መልስ ካለ ብዬ ሴሚኮለን ስጫን ደግሞ 15 ይላል። ማን የማን ዋስ እንደሆነ ስጠይቅ ሄዶ ይቀራል፣ አይመለስም። ቁጠባቸውን ገና ያላስገባንላቸውን አባላት ደግሞ ‹አልቆጠቡም› ይላል። ሲስተሙን በሙሉ በፕሮሎግ እንጻፈው? በፕሮሎግ ላይ ኦብጀክት ወደሚጨምረው ሎግቶክ እንሂድ? ወይስ እንተወው?»

ምላሽ፦ ሲስተሙን በፕሮሎግ አትጻፉት። የጻፍከውን ግን አትጣለው። ክላሶቹ በጃቫ ወይም በፓይተን ይሠሩ፤ ፕሮሎጉ ከጎን ሆኖ ዳያግራሙንና ዳታውን ይመርምር።

የገጠሙህ ሦስት ነገሮች የታይፕ ስህተት አይደሉም። ምንጫቸው አንድ ነው። የኦብጀክቱ ዓለምና የሎጂኩ ዓለም በአንድ ቃል ሁለት የተለያየ ነገር ይላሉ። የኦብጀክት ቋንቋዎች መነሻ የሆነውን ሲሙላ 67ን ኦስሎ ላይ የሠሩት ኦሌ ዮሐን ዳልና ክሪስተን ኒጎር የሚፈልጉት የሚንቀሳቀስን ሥርዓት ኮምፒውተር ላይ ማስመሰል ነበር። አላን ኮልሜሮ በ1972 ማርሴይ ላይ ፕሮሎግን ሲጀምር ደግሞ ሐሳቡ ፈረንሳይኛን ለኮምፒውተር ማስረዳት ነበር። ኤድንብራ የነበረው ሮበርት ኮዋልስኪ የንድፈ ሐሳቡን መሠረት አቀበለው። ስለዚህ አንዱ የሚለወጠውን ይከታተላል፣ ሌላው እውነት የሆነውን ይናገራል። አባሉ ዛሬ 500 ብር ቢያስገባ የቁጠባ ደብተሩ ያው ደብተር ነው፤ የተለወጠው ቀሪው ነው። በንጹሕ ሎጂክ ግን «ያው ነው፣ ግን ተለወጠ» የሚባል አነጋገር የለም። ያለው የፊቱ ፋክትና የኋላው ፋክት ነው።

ከመለያ እንጀምር፤ ሳትጠይቀኝ ብትቀርም። አባላቱን በስም ጽፈህ ከሆነ ዛሬውኑ አስተካክለው። በጃቫ ሁለት ኦብጀክቶች ውስጣቸው አንድ ዓይነት ቢሆንም ሁለት ናቸው። በፕሮሎግ ግን አጻጻፋቸው አንድ የሆነ ሁለት ተርሞች (ስሞች ወይም መግለጫዎች) አንድ ናቸው። እኛ አገር ደግሞ ስም ከነአባት ስም መገጣጠሙ ብርቅ አይደለም። ሁለት አበበ ከበደ ያለበት ማኅበር ውስጥ አንዱ የሌላውን ብድር ሊወርስ ነው። ለእያንዳንዱ አባል፣ ለእያንዳንዱ ብድር መለያ ቁጥር ስጥ፤ ስሙ እንደ ሌላው መረጃ ይከተል።

ሁለተኛው ስህተት «ክላስ ማለት ፕሬዲኬት ነው» የሚለው ነው። ግማሽ እውነት ነው። አባል የሚል ፕሬዲኬት ካለህ «አ101 አባል ነው ወይ?» ማለት ትችላለህ። «አባል የሚባለው ክላስ ከማን ወረሰ? ስንት አትሪቢዩት (የመረጃ መስክ) አለው?» ማለት ግን አትችልም። ክላሱ ራሱ የሚጠየቅ ነገር አልሆነማ! ዳያግራሙን ለመመርመር ዳያግራሙ ራሱ ፋክት መሆን አለበት። እንዲህ፦

ክላስ(አባል).
ክላስ(የኮሚቴ_አባል).
ክላስ(ብድር).
ክላስ(አስቸኳይ_ብድር).
ይወርሳል(የኮሚቴ_አባል, አባል).
ይወርሳል(አስቸኳይ_ብድር, ብድር).
ዓይነት(አ101, የኮሚቴ_አባል).

የላይኞቹ ስድስት መስመሮች ዳያግራሙ ናቸው። የመጨረሻው ዳታ ነው። ሁለቱን በተለያየ ፋይል አስቀምጥ። አንዴ ከተቀላቀሉ ጥሰት ሲወጣ ዳያግራሙ ይሁን ዳታው የተሳሳተው አታውቅም።

እግረ መንገዴን ላንሳው፤ ስዊ ፕሮሎግ የተባለው የፕሮሎግ ዓይነት ፊደላችንን ያለ ጥቅስ ምልክት ይቀበላል። በፕሮሎግ ቫሪያብል (ገና ያልታወቀ ነገር መያዣ) የሚታወቀው በትልቅ ፊደል በመጀመሩ ነው። የግዕዝ ፊደል ደግሞ ትልቅና ትንሽ የለውም። ስለዚህ በአማርኛ ስትጽፍ ቫሪያብሉን በስር መስመር ጀምረው፦ _ሰው፣ _ብድር። ይህን ያላወቀ ሰው ሰው ብሎ ይጽፍና «ለምን ምንም አይመልስም?» እያለ ግማሽ ቀን ያቃጥላል።

አሁን ወደ 9 እና 15። የጻፍከው ሳይሆን አይቀርም ብዬ የምገምተው ይህን ነው («:-» «ከሆነ» ተብሎ ይነበባል)፦

ወለድ(ብድር, 15).
ወለድ(አስቸኳይ_ብድር, 9).
የሚከፈል(_ክ, _ወ) :- ወለድ(_ክ, _ወ).
የሚከፈል(_ክ, _ወ) :- ይወርሳል(_ክ, _ላይ), የሚከፈል(_ላይ, _ወ).

ፕሮሎግ አልተሳሳተም። አስቸኳይ ብድር ብድር ነው ብለኸዋል፤ ብድር 15 ነው ብለኸዋል። ሁለቱንም ነገረህ። በጃቫ የታችኛው ክላስ ሜተዱን (የሥራ ትእዛዙን) በራሱ መንገድ ደግሞ ሲጽፈው የላይኛውን ይሸፍነዋል። በሎጂክ ግን አዲስ ፋክት መልስ ይጨምራል እንጂ የነበረውን አይሰርዝም። መሸፈን ከፈለግክ በግልጽ መናገር አለብህ። ሁለተኛውን ሩል እንዲህ አድርገው፦

የሚከፈል(_ክ, _ወ) :- \+ ወለድ(_ክ, _), ይወርሳል(_ክ, _ላይ), የሚከፈል(_ላይ, _ወ).

«የራሱ ወለድ ከሌለው ብቻ ወደ ላይ ውጣ» ማለት ነው፤ \+ «አይደለም» የምትል የአሉታ ምልክት ናት። ብዙዎች እዚህ ቦታ ላይ ከመጀመሪያው ሩል መጨረሻ የቃለ አጋኖ ምልክቷን፣ ማለትም «ከዚህ ወዲያ ሌላ መልስ አትፈልግ» የምትለውን ከትን፣ ጣል ያደርጋሉ። «ወለዱ ስንት ነው?» ብለህ ስትጠይቅ በትክክል ይሠራል። «የአስቸኳይ ብድር ወለድ 15 ነው ወይ?» ብለህ ስትጠይቅ ግን አዎ ይልሃል። 15 ከ9 ጋር ስለማይገጥም የመጀመሪያው ሩል ከቷ ጋ ሳይደርስ ይወድቃል፣ ሁለተኛው ደግሞ ወደ ላይ ወጥቶ 15ን ያገኛል። ስለዚህ በከት ውርስን አትሸፍን። ስህተቱ ፈተና ላይ አይታይም፤ ሥራ ላይ ነው የሚወጣው።

ይልቅ ሁለት መልስ መምጣቱ ጥሩ የሚሆንበት ጊዜ አለ። አንድ ክላስ ከሁለት ወላጆች ወርሶ ሁለቱ የተለያየ ወለድ ቢሰጡትስ? እንደ ፓይተን ያለው ቋንቋ አንዱን በቅደም ተከተል መርጦ ዝም ይላል። ፕሮሎግ ሁለቱንም ይዘረግፍልሃል። ዳያግራም እየመረመርክ ከሆነ የምትፈልገው ይህንኑ ነው። የትኛው ይጽና የሚለውን ማኅበሩ ይወስን።

ሄዶ የሚቀረው ጥያቄህ ከሁሉም የጣፈጠው ነው፤ ምክንያቱም ፕሮሎጉ ሳያውቀው እውነተኛ ችግር አግኝቶልሃል። ዋስትናን እንዲህ ጽፈኸው ይሆናል፤ መጀመሪያ ዋሱ፣ ቀጥሎ ተበዳሪው፦

ዋስ(አ101, አ102).
ዋስ(አ102, አ103).
ዋስ(አ103, አ101).
ሰንሰለት(_ሀ, _ለ) :- ዋስ(_ሀ, _ለ).
ሰንሰለት(_ሀ, _ለ) :- ዋስ(_ሀ, _መ), ሰንሰለት(_መ, _ለ).

ሦስት ጓደኛሞች ተዟዙረው ተዋዋሱ። አንደኛው ለሁለተኛው፣ ሁለተኛው ለሦስተኛው፣ ሦስተኛው ተመልሶ ለአንደኛው። ወረቀት ላይ ሁሉም ዋስ አለው። አንዱ መክፈል ሲያቅተው ግን ሸክሙ ዞሮ እሱው ጋ ይመጣል። ፕሮሎግም ይህን ክብ ተከትሎ ይዞራል፣ ይዞራል፣ አያቆምም። መፍትሔው ቴብሊንግ ይባላል። ከሰንሰለት ሩሎች በላይ «ይህን ፕሬዲኬት ቴብል አድርግ» የሚለውን አንድ መስመር መመሪያ ጨምርበት። ሞተሩ ያገኘውን መልስ ይመዘግባል፤ የተመዘገበ ጥያቄ ተመልሶ ሲመጣ እንደገና አይዞርም። ስዊ ፕሮሎግም ኤክስኤስቢ የተባለው ሌላው የፕሮሎግ ዓይነትም ይህን ይችላሉ። ከዚያ አንዲት መስመር ትበቃለች፦

ጥሰት(ክብ_ዋስትና, _ሀ) :- ሰንሰለት(_ሀ, _ሀ).

«ራሱ ጋ የሚመለስ ሰንሰለት ያለው ሁሉ ጥሰት ነው።» ይህን በክላስ ዳያግራም ላይ ልሳል ብትል አትችልም። አባልን ከአባል የሚያገናኝ መስመር ትስላለህ፣ መስመሩ ግን ክብ ይከልከል አይከልከል አይናገርም። ለዩኤምኤል፣ ማለትም ለእንዲህ ያሉ ዳያግራሞች መሳያ ደንብ፣ የተሠራው የገደብ ቋንቋ ኦሲኤል በኋለኞቹ እትሞቹ እንዲህ ያለውን ሰንሰለት ይዟል። እውነቱን ለመናገር ግን ተማሪ ቀርቶ ባለሙያም ኦሲኤል ሲጽፍ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

ሦስተኛው፣ «አልቆጠቡም» የሚለው መልስ። ፕሮሎግ ማረጋገጥ ያልቻለውን ሁሉ ውሸት ነው ይላል። የዝግ ዓለም ግምት ይሉታል። መዝገቡ ሙሉ ከሆነ ትክክል ነው፤ የአባላት መዝገብ ላይ የሌለ ሰው አባል አይደለም። መዝገቡ ግማሽ ከሆነ ግን ሰው ያስወቅሳል። ያልገባውን ከሌለው ለይ። ቁጠባው ተጣርቶ የገባለትን አባል «ተጣርቷል» የሚል ፋክት ስጠው፤ ጥሰት የምትፈልገውም ከተጣሩት መካከል ብቻ ይሁን።

እዚሁ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። የአሉታ ምልክቷን ከማስገባትህ በፊት ቫሪያብሉ በሆነ ሰው መያዝ አለበት።

ያልቆጠበ(_ሰ) :- \+ ቆጥቧል(_ሰ), ተጣርቷል(_ሰ).

ይህ ልክ ይመስላል፤ ግን ልክ አይደለም። _ሰ ገና ማንም ስላልሆነ የመጀመሪያው ክፍል «የቆጠበ አንድም ሰው የለም?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። አንድ ሰው እንኳ ቆጥቦ ከሆነ ሩሉ ባዶ ይመለሳል፣ አንተም ሁሉም ቆጥቧል ብለህ ደስ ይልሃል። ተጣርቷልን አስቀድመው። ሎጂክ ላይ «እና» ቅደም ተከተል የለውም ብለው አስተምረውህ ይሆናል። ፕሮሎግ ላይ አለው።

ሲስተሙን በሙሉ በፕሮሎግ ለመጻፍ ለምን እንቢ እንዳልኩ አሁን ላስረዳ። የሚለወጥ ነገር በፕሮሎግ የሚያዘው ፋክት እየጨመሩና እየነቀሉ ነው። ፕሮሎግ አንድ መንገድ ሲዘጋበት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የጨመርከውንና የነቀልከውን ፋክት ግን አብሮ አይመልስልህም። ተማሪ ሳለሁ የአንድ መጋዘን ዕቃ መቆጣጠሪያን በዚህ መንገድ ሠርቼ ነበር። ሩሉ ዕቃውን ቀነሰ፣ ቀጥሎ ያለው ሁኔታ ወደቀ፣ ፕሮሎግ ወደ ኋላ ተመልሶ በሌላ መንገድ እንደገና ቀነሰ። መጋዘኑ ሙሉ ሆኖ ኮምፒውተሩ ባዶ ነው አለ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ትራንዛክሽን ለሚያውቅ፣ ማለትም ሥራው ካልተሳካ ሁሉንም ወደ ነበረበት ለሚመልስ ዳታቤዝ መተው የነበረብኝን ሥራ በእጄ ይዤ ነው። የሰው ገንዘብ ላይ ይህን አትሞክሩት።

ከጎን ሆኖ መመርመር ሲባል ትንሽ ሥራ እንዳይመስልህ። የጃቫ ቨርቹዋል ማሽን (የጃቫን ፕሮግራም የሚያስኬደው ሶፍትዌር) ይፋዊ ሰነድ የክላስ ፋይል ጤነኛ መሆኑ እንዴት እንደሚረጋገጥ የሚደነግገው በምን ይመስልሃል? ምዕራፍ 4.10.1ን ክፈት፤ የተጻፈው በፕሮሎግ ሩል ነው። ከጃቫ 6 ጋር ከመጣው ከክላስ ፋይል ቁጥር 50 ጀምሮ ያሉት ፋይሎች የሚለኩት በዚያ ነው። ማሽኖቹ ፕሮሎግ አያሄዱም፤ እንደ ሆትስፖት ያለው በሲ ፕላስ ፕላስ ነው የተሠራው። ደንቡ ግን በሎጂክ ተጻፈ፣ ምክንያቱም «ይህ ዓይነት የዚያ ንዑስ ዓይነት ነው» የሚለውን አሻሚ ሳይሆን ለመናገር እሱ ተመቸ።

ሌላው ኮድ ኪውኤል ነው። ኦክስፎርድ ላይ የተጀመረው ሴምል የሚባል ድርጅት ሠራው፣ ጊትሃብ በ2019 ገዛው። የፕሮግራምህን ኮድ ወደ ዳታቤዝ ይለውጥና የደኅንነት ቀዳዳ ይፈልግበታል። መጠየቂያ ቋንቋው ክላስና ውርስ አለው፤ ከስር ግን ዳታሎግ ነው፣ የፕሮሎግ ታናሽ ወንድም። ደግሞ ያንተ «ክላስ ማለት ፕሬዲኬት ነው» እዚያ ፍጹም እውነት ነው። ክላስ ኦብጀክት አይፈጥርም፣ ያለውን ይመድባል እንጂ። አንድ ነገር በአንድ ጊዜ አሥር ክላስ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ሐሳብህ ሞኝ ሐሳብ እንዳልነበረ እወቀው፤ ቦታው ነው የተሳሳተው።

ከዳታሎግ አንድ ነገር ተበደር። በዳታሎግ ፋክት ውስጥ ፋክት አይደረብም፣ ዝርዝርም አይገነባም። ስለዚህ ጥያቄው ሁልጊዜ ያልቃል። የመመርመሪያ ሩሎችህን በዚህ ልክ ገድባቸው፤ ስምና ቁጥር ብቻ። ከቴብሊንግ ጋር ሲሆን ሄዶ መቅረት የሚባል ነገር አይገጥምህም።

ይህ ዘዴ የማያገኘው ስህተትም አለ፣ ክፉ ዓይነት። ዳያግራማችሁ ላይ እንዲህ ተጽፎ ነበር እንበል፦ እያንዳንዱ አባል የራሱ ብቻ የሆነ በትክክል አንድ ብድር ይኖረዋል፤ እያንዳንዱ ብድር በትክክል ሁለት ዋስ አባላት ይኖሩታል፤ እያንዳንዱ አባል በትክክል ለአንድ ብድር ዋስ ይሆናል። ለየብቻ ስታያቸው ሦስቱም መልካም ናቸው። አሁን ደምረው። 100 አባል ካለ 100 ብድር አለ። 100 ብድር 200 ዋስትና ይፈልጋል። 100 አባል አንድ አንድ ጊዜ ዋስ ቢሆን 100 ዋስትና ብቻ ነው። 10 አባል ቢሆን ያው ነው፣ 1000 ቢሆንም ያው። ይህን ደንብ ሊያሟላ የሚችለው አባል የሌለው ማኅበር ብቻ ነው! ፕሮሎግ ያስገባህለትን ዳታ እያየ «ብድር ብ7 ዋስ ይጎድለዋል» ይልሃል። አንተም ዋስ ትጨምራለህ፣ ሌላ ጋ ይጎድላል። ደንቡ ራሱ የማይቻል መሆኑን አይነግርህም፤ እሱ ያለውን ይፈትሻል እንጂ ሊኖር የሚችለውን አያስስም።

ለዚህ ኤምአይቲ ላይ ዳንኤል ጃክሰን የጀመረው አሎይ የተባለ መሣሪያ የተሻለ ነው። «ቢያንስ አንድ አባል ይኑር፤ እስከ አምስት አባል፣ እስከ አምስት ብድር ድረስ ደንቡን የሚያሟላ አንድ ምሳሌ ፈልግልኝ» ትለዋለህ። ካለ ሥዕሉን ያወጣል፤ ከሌለ በዚያ ልክ የለም ይላል። «በዚያ ልክ» የሚለውን አስምርበት፤ በአምስት ጠፋ ማለት በ500 የለም ማለት አይደለም። የእኛን ምሳሌ የዘጋው ስሌቱ ነው። በጥቅሉ ክላስ ዳያግራም እርስ በርሱ አለመጋጨቱን ማረጋገጥ ከባድ ስሌት ነው። ቤራርዲ፣ ካልቫኔዜና ደ ጃኮሞ በ2005 እንዳሳዩት ሥራው ከዳያግራሙ መጠን ጋር በኤክስፖኔንሻል ፍጥነት ሊያድግ ይችላል። ለ12 ክላስ ግን አትጨነቅ።

ሎግቶክን በተመለከተ አጭር ነኝ። ፓውሎ ሞራ ከ1998 ጀምሮ የሠራው ጥሩ ሥራ ነው። በፕሮሎግ ላይ ኦብጀክት፣ ፕሮቶኮልና ካተጎሪ ይጨምራል፤ ብዙ የፕሮሎግ ዓይነቶች ላይም ይሄዳል። የሚያስፈልገው ግን የፕሮሎግ ኮድህ ራሱ በዝቶ መደራጀት ሲያቅተው ነው። ያንተ 15 ወይም 20 ሩል ነው። ለአንድ ጣሳ እህል ጎተራ አትሥራ።

ስለዚህ የምመክርህ ይኸው ነው። ዳያግራሙ ይቆይ። 12ቱን ክላስ በእጅህ ፋክት አድርገህ ጻፍ፤ ከሰዓት በኋላ ያልቃል፣ ከመሳያው ፕሮግራም የሚያወጣ መሣሪያ ፍለጋ አትሂድ። የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ ይዛችሁ ከብድር ኮሚቴው ጋር ቁጭ በሉ። እያንዳንዱን አንቀጽ «መቼ ይጣሳል?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን ጥሰት በሚለው ፕሬዲኬት ሥር ጻፉት። «ይህ መሆን አለበት» ብለህ በፕሮሎግ ልትደነግግ አትችልም፤ «ይህ ካልሆነ ንገረኝ» ግን ትችላለህ። ለእያንዳንዱ ሩል ሆን ብለህ የተበላሸ ዳታ አዘጋጅ፤ ሩሉ ካልያዘው ሩሉ ነው የተበላሸው። የዋሶቹን ቁጥር የመሰለውን ነገር በአሎይ ፈትሹ። ኮዱን ስትጀምሩ ከዳታቤዙ በየምሽቱ ዳታውን ወደ ፋክት ገልብጦ ጥሰቶቹን የሚያስኬድ ትንሽ ስክሪፕት ይኑራችሁ። ፕሮሎጉ ያንብብ እንጂ ዳታቤዙ ላይ አይጻፍ።

የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርዕስ ላይ «በፕሮሎግ መተካት» የሚል ካለ አሁኑኑ ቀይሩት፤ ፈታኞቹ መጀመሪያ የሚይዙት እሱን ነው። «መፈተሽ» በሉት። ክብ ዋስትናን የምትይዘዋን ሩል ደግሞ ነገ ጠዋት አስኪዳት። ሦስቱ ጓደኛሞች የሙከራ ዳታ ከሆኑ ጥሩ ነው። ከእውነተኛው መዝገብ ከሆኑ ግን ኮዱን ትተህ ቀጥታ ወደ ብድር ኮሚቴው ሂድ።